እትዬ አስቴር ከሰርጉ ፎቶ የወጡበት ዓመት

ገላነሽ ሐረር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና ኋላም በኮምፒውተር ጸሐፊነት ስትሠራ ኖራ በ2005 ዓ.ም. ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ፊቷ የዋህ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ተንኮል ስትሠራ ዓይኗ አይርገበገብም፤ የተሠራበት ሰው ራሱ "የእሷ እጅማ የለበትም" ብሎ ይምልላታል። አንድ ጊዜ ማዕረግ የሚወድ ኃላፊ መጣባቸውና በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ስሙ ከነሙሉ ማዕረጉ እንዲጻፍ አዘዘ። ገላነሽም የታዘዘችውን ፈጸመች። ሹመቱን፣ የተከታተለውን ሥልጠና፣ የኮሚቴ ሰብሳቢነቱን፣ የእግር ኳስ ክበቡን የክብር አባልነት አንድ ሳታስቀር ስትደረድር፣ ዋናው ጉዳይ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተገፋ። ደብዳቤው የደረሳቸው የበላይ አካላት ምን እንዳሉ አልተሰማም። ኃላፊው ግን ከዚያ ወዲህ በስሙና በአባቱ ስም ተወሰነ።

የምትኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ በአባቷ ቤት ነው። ባሏ ኤልሳዕ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የዓለምን ወንዞች በቃሉ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ግን ሐሳብ ስጥ ሲባል ሁለቱም ወገን ትክክል ናቸው ይላል። ልጆቻቸው አድገው ሄደዋል፤ መቅደስ ባሕር ዳር ነርስ ናት፣ ባርኮት ጅማ ያስተምራል።

በዚህ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶ ነበር። ገላነሽና ኤልሳዕ በ1972 ዓ.ም. ጥር ወር የተጋቡ ቀን፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ምሳ ካበላ በኋላ፣ በዚሁ ቤት ደጃፍ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ የተነሱት ነው። ያን ጊዜ የሰዓት እላፊ ነበረና ሁሉም ይጣደፍ ነበር። ፎቶ አንሺው ደግሞ ሌላ ሰርግ ስለሚጠብቀው አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ፣ በመሃል ላይ ጎልተው የወጡት የኤልሳዕ ታላቅ እህት እትዬ አስቴር ሆኑ። እትዬ አስቴር ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ያን ዘመን ፀጉራቸውንም ወደ ላይ የሚቆልሉ ሴት ነበሩ። ሙሽራዋ ከኋላቸው ናት። የሚታየው አንድ ዓይኗ፣ ግማሽ ዓይነ ርግቧና የያዘችው አበባ ጫፍ ብቻ ነው።

ወደ ቤቱ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቶውን አይቶ ወደ እትዬ አስቴር እየጠቆመ "ሙሽራዋ እንዴት ታምራለች" ይል ነበር። ገላነሽ አንዱንም አላረመችም። "አዎ፣ ታምራለች" ትልና ወደ ጓዳ ትገባለች። በዚያ ቀን ሌላም የከነከናት ነገር ነበር። ከፎቶው በኋላ እትዬ አስቴር በጠራራ ፀሐይ "ብርድ ይመታሻል" ብለው ነጠላቸውን ደርበውባት፣ ቬሎዋን አንድ ሰው እንኳ በወጉ ሳያይላት ዋለች። ሲመሽ ደግሞ ካባ ስትለብስ፣ ቬሎውን ከእጇ ነጥቀው ድሬዳዋ ላከራየው ሱቅ እመልሳለሁ ብለው ይዘውት ሄዱ። ገላነሽ ይህን ሁሉ ዋጠችው። የባል ታላቅ እህት ናቸውና "እትዬ" እያለች፣ በዓል በመጣ ቁጥር ጉንጫቸውን እየሳመች ሠላሳ ዓመት አለፈ።

ጡረታ ስትወጣ ልጆቿ የድሮ ፎቶዎቹን ላኪልን ማለት ጀመሩ። አንዱን አልበም ለሁለት ከተማ ማካፈል ስለማይቻል፣ ከሸዋ በር ውጭ ኢንተርኔት ቤት ያለው ከድር አንድ ሐሳብ አቀረበላት። ከድር ጎልማሳ ነው፤ ጫቱን በጉንጩ ይዞ በዝግታ የሚያወራ። ፎቶዎቹን በስካነር እያስገባ፣ በነፃ ዌብሳይት መክፈት እንደሚቻልና ልጆቿ ባሉበት ሆነው ማየት እንደሚችሉ አስረዳት። ገላነሽ ኪቦርድ ላይ ስትቀመጥ ጣቶቿ እንደ በረዶ ዝናብ ስለሚወርዱ፣ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ጨዋታቸውን አቁመው ዞር ብለው አዩዋት። ገጹን "የኤልሳዕና የገላነሽ ቤት" አለችው።

መጀመሪያ ፎቶዎቹ አንዱ ከአንዱ በታች ተንጠልጥለው ገቡ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነበርና ገጹ ሲከፈት አንድ ሰው በማውዝ ወደ ታች እየወረደ ሰርጉ ጋ እስኪደርስ ይሰለቻል። ከድር ጋለሪውን በሌላ አደራደር ማድረግ እንደሚቻል አሳያት። በረድፍ፣ ትልቁ ፊት ለፊት ሆኖ ትንንሾቹ በዙሪያው፣ ወይም ሁሉም እኩል አራት ማዕዘን ሆነው እንደ ሰሌዳ። ገላነሽ የእኩሎቹን ወደደች። ጽሑፍ መስመሩን ሲጠብቅ ደስ የሚላት ሴት ናት። ከድር አንዱን ቁልፍ ሲነካው ፎቶዎቹ ሁሉ እንደ ተማሪ ተሰለፉ። አንዱ ግን እንደማይሆን ሆነ።

ማሽኑ አራት ማዕዘን ለማድረግ ከየፎቶው ግራና ቀኝ ይቆርጣል፤ የሚተወው መሃሉን ነው። በሰርጉ ፎቶ መሃል ላይ ያሉት ደግሞ እትዬ አስቴር ናቸው። ስለዚህ የቀረው እትዬ አስቴር ከነክምር ፀጉራቸው፣ በአንድ ጎናቸው የኤልሳዕ ጆሮ ብቻ ሆነ። ያቺ አንድ ዓይን እንኳ ጠፍታለች። ከራሷ ሰርግ፣ በራሷ ገጽ ላይ፣ ሙሽራዋ ጨርሳ ወጣች።

 ገላነሽ ይህ የሚቆረጠው ቦታ መቀየር ይችል እንደሆነ ከድርን በትሕትና ጠየቀችው። ይችላል አላት፤ ፎቶው ላይ አንዲት ትንሽ ክብ አለች፣ ክቧን ወደፈለጉበት በማውዝ ሲጎትቷት ማሽኑ በእሷ ዙሪያ ይቆርጣል። ገላነሽ ማውዙን ያዘች። ክቧን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ዓይን ጎተተቻት። እትዬ አስቴር ትንሽ በትንሽ ወደ ዳር ተገፉ፤ ፀጉራቸው ወጣ፣ ፊታቸው ወጣ፣ በመጨረሻ ከሰፊው ትከሻቸው ጥቂት ቀረ። የቀረውም የበር ጥላ ይመስል ነበር። መሃል ላይ የገላነሽ ዓይን፣ ዓይነ ርግቧና አበባዋ ተቀመጡ።

ከድር ጫቱን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረ።

ወሬው በስልክ ዞሮ መጣ። የእትዬ አስቴር ልጅ አዳማ ሆና ገጹን ከፍታ "እማዬ፣ ከሰርጉ ተቆርጠሻል እኮ" አለቻቸው። እትዬ አስቴር ጊዜ አላጠፉም፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገላነሽ ቤት ደረሱ። ገላነሽ በሩን ከፍታ፣ ስማ፣ አስቀምጣ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠይቃ፣ ጉዳዩ ሲነሳ ግን ከእሳቸው ይልቅ እሷ አዘነች።

"ማሽኑ ነው እትዬ" አለች። "አራት ማዕዘን ካላደረግሁ ይላል። እኔንስ ቢሆን መቼ ማረኝ፣ አንድ ዓይን ብቻ እኮ ነው ያስቀረልኝ።"

እትዬ አስቴር የማይፈነቀል መልስ ገጠማቸው። ማሽንን ማን ይሟገታል? ወደ ወንድማቸው ዞረው አንተስ ምን ትላለህ አሉት። ኤልሳዕ ማሽን ሲባል ክፉም ደግም እንዳለው ተናግሮ ውሃ ሊጠጣ ተነሳ።

ገላነሽ "ማሽኑ ነው" የሚለው ነገር ምን ያህል እንደሚያሠራ ያየችው ያን ጊዜ ነው። በሳምንታት ውስጥ ማሽኑ ብዙ ሰው ላይ ጨከነ። የጽዋ ማኅበሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ጊዜ የገላነሽን ጠላ ቀጠነ ያሉት፣ ከአገጫቸው በታች ብቻ ቀሩ። ለቅሶ መጥቶ የሳቀው የኤልሳዕ የአክስት ልጅ ወደ አንድ ጫማ ተለወጠ። የድሮው ባለ ማዕረግ ኃላፊ በመሥሪያ ቤቱ የመሸኛ ፎቶ ላይ ከኋላው የተሰቀለው ሰዓት ብቻ ሆኖ ቀረ። የተቆረጠ ሁሉ ሲመጣ ገላነሽ አብራው ታዝናለች። አንዳንዱ እንዲያውም አጽናንቷት ሄደ።

ጎረቤቷ አይሻ ብቻ አልተታለለችም። አይሻ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሐረሪ ቤት ልጅ ናት፤ ከገላነሽ ጋር አብረው አድገዋል፣ አግብታም ወልዳም እዚያው ናት። አንድ ቀን ገላነሽን በር ላይ ይዛ፣ ይህ ማሽን የሚጠላቸው ሰዎች አንቺም የምትጠያቸው መሆናቸው ይገርማል አለቻት። ገላነሽ የዋህ ፊቷን አሳየቻት። አይሻ ሳቀችና የአማቴ አንድ ፎቶ አለኝ፣ ማሽኑ እሷንም ይወዳት ይሆን ብላ ጠየቀች።

በዚህ መሃል እትዬ አስቴር ጠፉ። ማኅበር ቀሩ፤ ሰው ሲጠይቃቸው ጉልበቴን የማሳክምበት ቦታ አለ ይሉ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት፣ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተመዝግበው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው ማውዝ መጎተት እየተማሩ ነበር። አስተማሪው ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ለቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለውታል።

የተመለሱት አንድ ማክሰኞ ነው። ገላነሽ ከድር ቤት ተቀምጣ የባርኮትን የምረቃ ፎቶዎች ስትደረድር፣ እትዬ አስቴር ገብተው አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስለ ጤንነቷ ጠየቁ፤ ስለ ልጆቿ ጠየቁ። ከዚያ ያንን የሰርግ ፎቶ እስኪ ክፈችልኝ፣ ማየት አማረኝ አሉ። ገላነሽ ከፈተች። የሚስተካከልበትን ገጽ ክፈችው አሉ። ይህ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ገላነሽ ትንሽ ደነገጠች፤ ግን ከፈተች። እትዬ አስቴር ማውዙን ከእጇ ተቀብለው፣ ትንሿን ክብ ያዙ፣ ዝግ ብለው ወደ መሃል ጎተቷት። ትከሻቸው ገባ። ፊታቸው ገባ። የተቆለለው ፀጉራቸው ገባ።

"ማሽኑ መሐሪ ሆነ" አሉ።

ከድር ወዲያው ዳር ያለችውን ኮምፒውተር ሊጠግን ሄደ፤ ኮምፒውተሯ ደህና ነበረች።

ገላነሽ በሕይወቷ እጅ ከፍንጅ ስትያዝ የመጀመሪያዋ ነበር። የዋህ ፊቷን ፈለገችው፤ አልመጣላትም። ጉንጯ ጋለ። ስትናገር ግን ከአፏ የወጣው ይቅርታ አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት የዋጠችው ነው።

"በገዛ ሰርጌ ከፊቴ ቆሙብኝ እኮ እትዬ። ያቺ አንዲት ፎቶ ነበረች፣ ሌላ የለኝም። ሰው ሁሉ ሙሽራዋ እርስዎ ይመስሉታል።"

እትዬ አስቴር መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለምን እንደቆምኩ ግን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም" አሉ። "ወጥ ፈሶብሽ ነበር። የእኛ አጎት ሲያጎርስሽ ቀዩ ወጥ ከወገብሽ እስከ ጉልበትሽ ወርዶ፣ አንቺ በደስታ አላየሽውም። ፎቶ አንሺው ሊያነሳ ሲል ነው ያየሁት። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፣ ካለቀስሽ ደግሞ ኩልሽ ይወርዳል። ምን ላድርግ፣ ቆምኩበት።"

ገላነሽ አላመነችም። ቤቷ ገብታ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ በመስኮት ብርሃን አየችው፤ ወጥ የፈሰሰበት ቦታ ካለ በትክክል እትዬ አስቴር በቆሙበት ሥር ነው የሚሆነው። ማስረጃውን የሸፈኑት ራሳቸው ባለጉዳይዋ ናቸው። ኤልሳዕን ጠየቀችው። እሱም የሆነ ነገር የነበረ ይመስለኛል፣ ያልነበረም ሊሆን ይችላል አለ። ቬሎው የለ፣ ከተመለሰ ዘመን የለውም። ነጠላው ግን ትዝ አላት። በዚያ ፀሐይ "ብርድ ይመታሻል" የተባለችው ነገር። ቬሎውን ነጥቀው መውሰዳቸውም ትዝ አላት። ተነሥታ መንገዱን ተሻግራ አይሻ ጋ ሄደች።

አይሻ ጥያቄውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አፏን በሻሿ ሸፈነች።

"አቦ፣ ወላሂ እስከዛሬ አልነገረችሽም?" አለች። "ቬሎውን እኮ እዚህ ግቢያችን ነው ሁለታችን ያጠብነው። አልለቅ ብሎ በሎሚ አሸነው። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች።"

ይኼ ብቻ አይደለም። የአይሻ ወንድም ያን ጊዜ አዲስ ካሜራ ገዝቶ ስለነበር፣ ከቤታቸው ሰገነት ላይ ሆኖ ሰርገኛውን ከጎን አንስቶት ነበር። አይሻ ወደ ውስጥ ገብታ፣ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ሰፌዶች በታች ካለው ሣጥን አንድ ፎቶ አወጣችላት። ቃሏን ለመጠበቅ ስትል ይህን ሁሉ ዘመን ደብቃው ኖራለች።

ገላነሽ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሙሽራዋ ሙሉ ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ አሉ፤ ራሷን ቀና አድርጋ ትስቃለች፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ከወገቧ በታች ደግሞ ወጡ እንደ ትልቅ ትሪ ተንጣልሏል። ከግራ በኩል እትዬ አስቴር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይሮጣሉ፤ አንድ ጫማቸው ከኋላቸው ቀርቷል፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበዋል፣ የውስጥ ልብሳቸው ዳንቴል ይታያል፣ የተቆለለው ፀጉር ወደ አንድ ወገን ተንዷል፣ እጃቸው ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ተዘርግቷል። ኤልሳዕ ከፎቶው ዳር ክርኑ ብቻ ነው የገባው።

መጀመሪያ ገላነሽ የምታለቅስ መሰለች። ኋላ ግን ሳቅ መሆኑን አይሻም አየች፣ እሷም አብራ ሳቀች፤ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው እስኪያዩዋቸው ድረስ። ያን ቀን ማታ ገላነሽ እትዬ አስቴር ቤት ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ አስቴር ይቅር አሉ። ፎቶውን ሲያዩ ግን ይቅርታቸውን መልሰው ሊወስዱ ምንም አልቀራቸው።

ገላነሽ ፎቶውን ገጹ ላይ ልታወጣው ፈልጋለች፤ በትልቁ፣ ፊት ለፊት። ሙሉ ፊቷ የታየበት ብቸኛ የሰርግ ፎቶ ነው። ወጡ ቢታይስ አሏት እትዬ አስቴር። ይታይ አለች፣ የበላሁት ነው። እትዬ አስቴርን የከበዳቸው ወጡ ሳይሆን ዳንቴሉ ነው። በእኔ ዕድሜ ቀሚሴን ሰብስቤ ስሮጥ አገር ይየኝ ወይ አሉ። ገላነሽ ትንሿን ክብ ወደ ሙሽራዋ ጎትቼ እርስዎን አወጣለሁ ብላ አባበለቻቸው። እትዬ አስቴር ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩዋት።

"ሁለተኛ አታወጪኝም" አሉ። "ከነዳንቴሌ እገባለሁ።"

ከድር ቤት አብረው ሄዱ። እኩል አራት ማዕዘኑን አፍርሰው፣ ማንንም የማይቆርጠውን አደራደር መረጡ፤ ረጅሙም ሰፊውም ፎቶ እንደ ቁመቱ የሚገባበትን። የማኅበሩ ሰብሳቢ ፊታቸው ተመለሰላቸው፤ የአክስት ልጁም ከጫማው በላይ በቀለ። ሁለቱ የሰርግ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሆኑ፤ በአንዱ እትዬ አስቴር ቆመዋል፣ በሌላው ሊቆሙ ይሮጣሉ። የትኛው በግራ ይሁን በሚለው ሁለት ቀን ተኳረፉ። ከፎቶዎቹ ሥር የሚጻፈውን ደግሞ ሁለቱም በየተራ ጻፉ። ገላነሽ "እትዬ አስቴር ለግዳጅ ሲፋጠኑ" አለች። እትዬ አስቴር ተራቸው ሲደርስ፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ፣ "ሙሽራዋ በቀኝ፣ ምሳዋ በመሃል" ብለው ጻፉ።

መቅደስ ከባሕር ዳር ደውላ፣ የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ተሰብስበው እንዳዩትና ያበደች እስክትመስል እንደሳቀች ነገረቻቸው። ኤልሳዕ ከኋላቸው ቆሞ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከተና ክርኑ ደህና መውጣቱን ተናገረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ እትዬ አስቴር ሱስ ያዛቸው። ማሠልጠኛውን ጨርሰው የምስክር ወረቀት ወሰዱ፣ በ2007 መጨረሻ ላይም የራሳቸውን ገጽ ከፈቱ። በየማክሰኞው በከድር ቤት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ጋለሪ ትተቻለች። ገላነሽ ፎቶዎችዎ ተራርቀዋል፣ የተጣሉ ይመስላሉ ትላለች። እትዬ አስቴር ያንቺዎቹ ደግሞ ተጨናንቀዋል፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ናቸው ይላሉ። ኔትወርክ የሚጠፋ ቀን ከድር ሻይ አስመጥቶላቸው፣ ክርክሩን ያለ ኮምፒውተር ይቀጥላሉ። አይሻም የወንድሟን የሰገነት ፎቶዎች ይዛ መምጣት ስለጀመረች ወንበር ሦስት ሆኗል።

ባለፈው ጊዜ የተጣሉት በመደቡ ቀለም ነበር። እትዬ አስቴር ከፎቶዎቻቸው ኋላ ጥቁር ፈለጉ። ገላነሽ ጥቁር ለቅሶ ቤት ያስመስላል፣ ነጭ ይሻላል አለች። አይሻ አረንጓዴ አለች። ከድርን ጠየቁት፤ ከድርም የኤልሳዕን ትምህርት ሳይማር ሁሉም ያምራል አለ። እትዬ አስቴር ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ማውዙን ይዘው፣ ወጥ የመሰለ ቀይ አደረጉት። ለምን ቀይ ብለው ሲጠይቋቸው ልባቸው እንደወደደ ብቻ ተናገሩ።